ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ፦ ስለ አሮጌ ሳውንድ ካርዶች

በጅማ ከተማ ለኮምፒውተር ተማሪዎች፣ ለጥገና ባለሙያዎችና ለወላጆች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ? ዝናቡ ሳይበግራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቆርቆሮው እንዲህ ሲንጫጫ ድምፄ ከኋላ ካልተሰማ እጃችሁን አንሡልኝ፤ የዛሬው ጉዳያችን ድምፅ ስለሆነ አንድም ሰው ሳይሰማ እንዲቀር አልፈልግም።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት አረንጓዴ ሰሌዳ ሳውንድ ካርድ ነው፤ ኮምፒውተር ድምፅ የሚያወጣበት። ርዝመቱ ከስንዝር ብዙ አይበልጥም። በታችኛው ጠርዙ በወርቅ የተለበጡ ጥርሶች አሉት፤ የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ በሆነው ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካው በእነሱ ነው። ከጎኑ ስፒከር፣ ማይክሮፎንና ጆይስቲክ የሚባለው የጨዋታ መቆጣጠሪያ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛው ጥቁር ቺፕ ላይ «ያማሃ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ማዕዘኑ ላይ ያለውን ዝገት ያመጣው የእኛው የጅማ ክረምት ነው።

ሳውንድ ብላስተር 16 ይባላል። ሞዴሉ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። እኔ የተዋወቅሁት ግን በ1993 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንጅ አራዳ አጠገብ በነበረ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ፣ የ19 ዓመት ወጣት ሳለሁ። በኋላ በዚያው ቤት አስተማሪ ሆንሁ። ማሠልጠኛው ሲዘጋ ባለቤቱ «የሚጠቅማችሁን ውሰዱ» አሉን። ባልደረቦቼ ሞኒተርና ፕሪንተር ሲያነሡ እኔ ካቻቢቴ ይዤ በመስኮቱ በኩል ወደነበረው ኮምፒውተር ሄድሁ።

ዛሬ ቤቴ ውስጥ 31 ካርዶች አሉ። ለምን ትሰበስባለህ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ከእነዚህ ሁሉ የጠራ ድምፅ ያወጣል። መልሴ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

የመጀመሪያው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ ድምፅ የሚባለው ነገር ከአንዲት ትንሽ ስፒከር የሚወጣ ጩኸት ነበር። በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ። መሲንቆም ባለ አንድ ክር ናት ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ነገር ግን የመሲንቆ ደጋን በሰው እጅ ይሳባል፤ እጁ ይጫናል፣ ይለቃል፣ ያጎላል፣ ያሳንሳል። የዚያ ኮምፒውተር ስፒከር የሚያውቀው መብራትና መጥፋት ብቻ ነበር።

ይህን የለወጡት ካናዳ ውስጥ ኩቤክ ከተማ ይኖሩ የነበሩ ማርቲን ፕሬቬል የተባሉ የቀድሞ የሙዚቃ ፕሮፌሰር ናቸው። ያቋቋሙት አድሊብ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ካርድ ሠርቶ አወጣ፤ ልቡም ዋይ ኤም 3812 የሚባል የያማሃ ቺፕ ነበር። ዘጠኝ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ማጫወት ይችላል። ጨዋታ ሠሪዎች ለካርዱ ሙዚቃ መጻፍ ሲጀምሩ ለቢሮ ሒሳብ የተሠራው ማሽን ዘፋኝ ሆነ።

ይህ ቺፕ ድምፅ የሚሠራበትን መንገድ መግለጽ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ጆሯችን ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቾውኒንግ የተባሉ የሙዚቃ ሰው በኮምፒውተር ድምፅ ሲሞክሩ አንዱን ድምፅ በሌላው ያንቀጠቅጡት ነበር። መንቀጥቀጡ ቀርፋፋ ሲሆን ዘፋኝ ጉሮሮዋን ስታርገበግብ እንደምንሰማው ያለ ነገር ይሰማል። እያፈጠኑት ሲሄዱ፣ በሰከንድ ከ20 ጊዜ ያህል በላይ ሲያልፍ፣ ጆሮ መንቀጥቀጡን መቁጠር ያቅተዋል። በምትኩ ፈጽሞ አዲስ የድምፅ ቀለም ይሰማል፤ ደወል፣ ነሐስ፣ እንጨት የሚመስል። ሁለት ተራ ሞገዶች ተገናኝተው ደወል ይወልዳሉ! ያማሃ ይህን ግኝት ፈቃድ ገዝቶ መጀመሪያ በኪቦርዶቹ፣ ቀጥሎም በእነዚህ ቺፖች ውስጥ አስገባው። ስሙ ኤፍ ኤም ነው፤ የሬዲዮው ኤፍ ኤም ራሱ። ሁለቱም አንዱን ሞገድ በሌላው ማንቀጥቀጥ ናቸው።

አባቴ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ስለ ካርዱ ለማስረዳት ስጀምር «ኤፍ ኤም» ከማለቴ «ታዲያ ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። በዚያች ምሽት ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። አባትና ልጅ በአንድ ሙያ ቋንቋ ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚያስደስት የደረሰበት ያውቀዋል።

ከአድሊብ በኋላ የመጣው ሲንጋፖራዊው ሲም ዎንግ ሁ ከባልደረባቸው ጋር የመሠረቱት ክሪኤቲቭ የተባለው ድርጅት ነው። ቀድሞ ባወጡት ካርድ የፊሊፕስ ቺፖችን ተጠቅመው በላያቸው የራሳቸውን መለያ ለጥፈው ነበር፤ ያ ካርድ ብዙም አልሄደላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1989 ግን ሳውንድ ብላስተርን አወጡ። የአድሊብን ቺፕ ይዞ፣ ከዚያ በላይ የሰውን ድምፅ መቅዳትና ማጫወት ይችላል፤ የጆይስቲክ ቀዳዳም ጨመሩበት። አድሊብ እ.ኤ.አ. በ1992 ከሰረ። በዚያው ዓመት ይህ በእጄ ያለው 16 ወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ታላላቆቻችሁ ከዊንዶውስ ጋር ይመጡ የነበሩትን አጫጭር የሙዚቃ ፋይሎች ያስታውሳሉ። ሚዲ ይባሉ ነበር። በፋይሉ ውስጥ ድምፅ የለም። ያለው ትእዛዝ ነው፦ አሁን ይህን ኖታ ምታ፣ ይህን ያህል አጥብቀህ፣ አሁን ልቀቅ። ድምፁን የሚያወጣው ካርዱ ነው። ስለዚህ ያው ፋይል በአንዱ ካርድ የቆርቆሮ ደወል፣ በሌላው የእውነት ፒያኖ ይመስላል። የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነው የድጓ ምልክት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በምልክት ተጽፎ ይተላለፋል፤ ሆኖም የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫበርና የተጉለት ዜማ ቤቶች ሊቃውንት ሲያዜሙት ይለያያል። ምልክቱ በብራና ላይ፣ ዜማው በጉሮሮ ውስጥ ነው። ከቤተልሔም ዜማ ዐዋቂዎች የመጨረሻው ቢያርፉና ብራናው ቢቀር ምን ቀረልን እንላለን?

የምሰበስበው ጉሮሮዎችን ነው። ያ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታ ሙዚቃ ለእነዚህ ቺፖች ተብሎ የተደረሰ ነው፤ ደራሲዎቹ የቺፑን ጉድለት ጭምር አስልተው ጽፈውታል። ግራቪስ አልትራሳውንድ የሚባል ቀይ ሰሌዳ ያለው ካርድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ካናዳ ውስጥ የተሠራ፣ እውነተኛ የመሣሪያ ቅጂዎችን በራሱ ሜሞሪ ይዞ 32 ድምፆችን የሚያጫውት። ለእሱ የተጻፈው በሳውንድ ብላስተር ሲጫወት ሌላ ሥራ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንቴል ኤሲ 97 የሚባለውን የድምፅ መስፈርት ካወጣ ወዲህ ድምፅ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ መምጣት ጀመረ። ሙዚቃውም ተቀድቶ ያለቀለት ሆኖ በሲዲ ላይ ስለመጣ የማሽኑ ሥራ ማስተላለፍ ብቻ ሆነ። ካርዶቹ ከየኬዙ ወጡ፤ የሚሰኩባቸው ረጃጅም ጥቁር ስሎቶችም ከማዘርቦርድ ላይ ጠፉ።

ይህ የአእምሮዬ መልስ ነው። የልቤን መልስ ካልነገርኋችሁ ግን ግማሹን ደብቄያችኋለሁ።

ያ ሳውንድ ብላስተር የማይክሮፎን ቀዳዳ አለው ብያለሁ። በ1994 ዓ.ም. ክረምት አባቴን ማሠልጠኛው ድረስ ይዣቸው ሄድሁ። ማታ ነበር፤ ተማሪዎች ወጥተዋል። ርካሽ የጠረጴዛ ማይክሮፎን ፊታቸው አስቀምጬ «አባባ፣ የፈለጉትን ይናገሩ» አልኋቸው። ዝም አሉ። ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብለው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቦንጋ ለምትኖረው እህታቸው እንደ ካሴት ደብዳቤ ጀመሩ፦ «እህት ዓለም፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።» ቀጥሎ ስለ ቡናው፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ቤቱ ቆርቆሮ ተናገሩ።

ቀረጻው በስምንት ቢት ነበር፤ በሰከንድ 11,025 ባይት ይወስዳል። የምናስቀምጠው በፍሎፒ ዲስክ፣ በዚያ በዱሮው ስስ የፋይል መያዣ ላይ ነው፤ አንዱ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው። አስሉት፤ ሁለት ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ያህል ይሆናል። አባቴ በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሳሉ «በቃ፣ ሞልቷል» አልኋቸው። «ይኼን ያህል ብቻ ነው የሚይዘው?» አሉ። ስንብት ሳይሉ ቀሩ።

በ2004 ዓ.ም. አረፉ። ፍሎፒውን ያገኘሁት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ልብስ ካለበት ሣጥን ሥር ነው። ሻጋታ ነበረበት። ሽፋኑን ከፍቼ ዲስኩን በአልኮልና በጥጥ ቀስ እያልሁ ጠረግሁ፤ ካሉኝ ማንበቢያዎች አንዱ እያቃሰተ አነበበው። በስልኬ ሳጫውተው የአባቴ ድምፅ ነው፤ አልካድሁም። ከዚያ ይህን ካርድ በአሮጌ ኮምፒውተር ሰክቼ ደግሜ አጫወትሁት። ከድምፃቸው ሥር የካርዱ ሹክሹክታ አለ፤ ሃርድ ዲስኩ ሲሠራ የሚያወጣው ትር ትር የሚል ድምፅ ደግሞ በሽቦው በኩል አልፎ ስፒከሩ ውስጥ ይገባል። መሐንዲስ ይህን ጉድለት ይለዋል፤ ስሙም ትክክል ነው። ለእኔ ግን በዚያ ማታ ሁለታችን የነበርንበት ክፍል መጣ። መብራቱ፣ የእርጥብ ኮት ሽታ፣ የወንበሩ መንጓጓት። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ።

ናፍቆት በምዕራቡ ዓለም ታሪክ አለው። ኖስታልጂያ የሚለውን ቃል የፈጠረው ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የሕክምና ተማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1688 በባዝል ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ። ከሁለት የግሪክ ቃላት አጣምሮ፣ ወደ ቤት መመለስና ሕመም፣ የበሽታ ስም አደረገው። ከአገራቸው ርቀው የሚታመሙ ወገኖቹን አይቶ ነው። ይህን ሳነብ የአባቴ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። እኛ ደብዳቤያችንን ስንከፍት «ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» እንላለን። ጤናችንን ቆጥረን ናፍቆትን ከጤና ውጭ እናደርገዋለን! ሆፈር በላቲን የመረመረውን እናቶቻችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘውታል።

የሥነ ልቦና ምሁራን ያረጋገጡት ሌላ ነገር አለ፤ ሰው ሲያረጅ በብዛት የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ የሆነውን ነው። ስለዚህ አሜሪካዊው ሰብሳቢ ሳውንድ ብላስተርን ሲያነሣ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹን መጀመሪያ ይናፍቃል። እኔ ስናፍቅ የማየው 1993 ዓ.ም.ን ነው። ያው ካርድ፣ የተለያየ ዘመን። እነዚህ ማሽኖች ወደ እኛ የደረሱት በእርዳታ፣ ሌላው ተጠቅሞ ከጨረሰ በኋላ ነበር። አንዳንድ ወጣቶች በዚህ ሲያፍሩ አያለሁ፤ «የሌላ ሰው ትዝታ ነው የምትሰበስበው» ያለኝም አለ። አይደለም። ዕቃው ዘግይቶ ስለመጣ ፍቅራችን የተውሶ አልሆነም። ቡናን ጃፓን ያለ ሰው ዛሬ ጠዋት ቢያገኘው ጠዋቱ የእሱ ነው።

አሁን ለጠጋኞች ላውራ። ቤታችሁ ወይም ሱቃችሁ ውስጥ ከጥግ የተከመረ አሮጌ ኬዝ ካለ በኪሎ ከመሸጣችሁ በፊት ክፈቱት። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤቱን ሊያጸዳ መሆኑን ሰምቼ በማግስቱ ስደርስ 40 ያህል ኮምፒውተሮች በጨረታ ተሸጠው ተጭነው ሄደዋል። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አዝነው አንዱን ኬዝ ሸሽገው አቆይተውልኝ ነበር፤ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ሄጄ ብጠይቅ ሰሌዳዎቹ ለወርቃቸው ተነቅለዋል አሉኝ። በአንድ ካርድ ጥርስ ላይ ያለው ወርቅ እጅግ ስስ ልባጥ ነው። ለዚያች ልባጥ ሲባል ሰሌዳ የሚያቃጥሉ ልጆች የእርሳስ ጭስ ይተነፍሳሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ካርዱ ካስለቀሰኝ በላይ ልጆቹ ያስለቅሱኛል።

አድሊብ እስካሁን በእጄ አልገባም። ውጭ አገር ዋናው ቅጂ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል፤ አንዳንዱም ከዚያ እጅግ ይበልጣል። እኛ ጋር የሚገኙት ሳውንድ ብላስተር 16 እና ርካሽ ምስያዎቹ ናቸው፤ ኢ ኤስ ኤስ ወይም ያማሃ የሚል ቺፕ ያለባቸው። አትናቋቸው። ከስብስቤ በጣም ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ማንም ያልፈለገው የኢ ኤስ ኤስ 1868 ካርድ ነው። በአንጻሩ ስመ ጥር የሆኑት አንዳንድ ሳውንድ ብላስተር 16 ሞዴሎች የውጭ ሚዲ መሣሪያ ሲያጫውቱ አንዱን ኖታ ሳይለቁት ይቀራሉ።

ጥርሶቹ ከጠቆሩ በተማሪ ላጲስ ቀስ ብላችሁ እሹ፤ ፍርፋሪውን በአልኮል ጥረጉ። እንደ ትንሽ በርሜል የሚመስሉት ካፓሲተሮች ውስጣቸው ፈሳሽ ነው፤ ይደርቃሉ ወይም ያፈስሳሉ። ያበጠ ካለ ሳትሰኩት ቀይሩት። አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ያለውን በርሜል ባትሪ ዛሬውኑ ንቀሉ፤ ሲያፈስ የመዳብ መስመሩን ይበላል። የጅማ ሰው ስለ እርጥበት ከእኔ መማር አያስፈልገውም። ቡና ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ከተከማቸ እንደሚሻግት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ካርድም ያንኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳ አርቆ፣ በሚከደን ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥጡት ከረጢቶች ጋር። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን ከረጢቶች አትጣሉ።

ካርድ መግዛት የማይችል ተማሪ ይህ ዓለም አልተዘጋበትም። ዶስቦክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እነዚህን ካርዶች በሶፍትዌር አስመስሎ ይሠራል፤ ከዚያም ጀምሩ። ደግሞ በዓለም ዙሪያ ያሉ ወዳጆች የድሮውን ሰሌዳ መስመር በመስመር ቀድተው እንደገና ይሠራሉ። በ4 ዶላር የወጣችውን ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ የግራቪስን ካርድ ሥራ ያሠሯታል፤ ስሟንም ፒኮጉስ ብለዋታል። ጅማ ውስጥ ይህን መሥራት የሚችሉ እጆች እዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል፤ አይቻቸዋለሁ።

የመጨረሻው ነገር መስማት ነው። ባለፈው ክረምት ለዚህ ቺፕ በገና ልሠራ ተነሣሁ። የበገና ድምፅ ነፍሱ ያለው በክሩ ሥር በምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዚራው ነው፤ ያ የሚንዘረዘረው ከእሱ ይመጣል። ይህ ቺፕ አንዱን ሞገድ ወደ ራሱ መልሶ የሚያንቀጠቅጥበት መቆጣጠሪያ አለው፤ ከ0 እስከ 7 ይቆጠራል። በ0 ዋሽንት ይሆናል፣ በ7 ወንፊት ላይ የሚወርድ ጠጠር ይመስላል። 5 ላይ አድርጌ፣ ድምፁ ቀስ ብሎ እንዲሞት ሳዘገየው፣ ባለቤቴ ከወጥ ቤት «ማነው የሚደረድረው?» ብላ መጣች። የሳውንድ ብላስተር 16 ቺፕ 18 ድምፆች ስላሉት የበገናን 10 አውታሮች ችሎ ይተርፈዋል፤ በአድሊብ ቢሆን አንድ አውታር ይጎድል ነበር። ቅኝቱ ትዝታ ነው።

ኮምፒውተሩን ላብራው። መጀመሪያ የምትሰሙት ትር ትር የሚለው የዲስኩ ነው፤ እሱን አላጠፋሁትም። ቀጥሎ የሚመጣው በገናው ነው። ከኋላ ያላችሁ ዝናቡ ካስቸገራችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ።